ለቤት ፍጆታ

ሰኔ 3፣ ሰኞ

ይህ ደብተር የሥራ ነው፤ የንባብ መዝገብ። በየገጹ አራት ዓምድ አለው፦ ያለፈ ንባብ፣ የአሁን ንባብ፣ ፍጆታ፣ ምርመራ። ዓምዶቹን ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ በላያቸው ላይ እጽፋለሁ። ብሎጌ ላይ የማይወጣ ነገር ስለገጠመኝ ነው።

ዛሬ ከማዘጋጃ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ደብዳቤ ደረሰኝ። እኔ የምሠራው እዚያው ሕንፃ ምድር ቤት፣ ውሃ ክፍል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ቆጣሪ አንባቢ። ደብዳቤው ከሦስተኛ ፎቅ ምድር ቤት ለመውረድ በፖስታ ቤት በኩል ዞሮ አሥራ አንድ ቀን ፈጅቶበታል። እንዲህ ይላል፦ "በር በበር" በሚል ስም የኢንተርኔት ጽሑፍ አገልግሎት እየሰጡ መሆኑ ስለተደረሰበት በሠላሳ ቀን ውስጥ የንግድ ፈቃድ እንዲያወጡና ክፍያውን እንዲፈጽሙ።

አገልግሎት! ቀን ያንኳኳኋቸውን በሮች ማታ ማታ እጽፋለሁ፣ ይኸው ነው። ውሻ ሳይኖረው "ተናካሽ ውሻ አለ" ብሎ የለጠፈ፣ ደወሉ እንደ ሕፃን የሚያለቅስ፣ በሩን ያንኳኳው ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ "ቆይ መጣሁ፣ አትሂድብኝ!" የሚል ሽማግሌ። ስም አልጠቅስም፣ የቤት ቁጥር አልጠቅስም። በሁለት ዓመት ውስጥ ያገኘሁት ነገር ቢኖር ብሎጉን የሚያስተናግደው ድርጅት ከታች በለጠፈው ማስታወቂያ የአንድ ጥንድ ካልሲ ዋጋ ነው። ካልሲውን ገዛሁበት፤ አሁን ተቀዷል።

ባለቤቴ እህቷ ቤት ናት። እህቷ እግሯን ኦፕራሲዮን ሆና ልታስታምማት ሄዳለች፤ ዛሬ ዘጠኝ ቀኗ። ትልቁን ሻንጣ ይዛ ነው የሄደችው፣ ትንሹ ዚፑ ተበላሽቶ ይሆናል። ከሥራ ስገባ "እሺ፣ ከዚያስ?" እያለ የሚያደርቀኝ የለም። ቤቱ ጸጥ ብሏል። አንድ ሰው እንደ ልቡ ያርፍበታል።

ሰኔ 5፣ ረቡዕ

ምሳ ሰዓት፣ በችኮላ።

ለጎርፉ አሳየሁት። ጎርፉ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ ወሬ ከጀመረ የሚገድበው ስለሌለ ነው ስሙ። ደብዳቤውን ሁለቴ አንብቦ አፉን ያዘ። እሱ አፉን ሲይዝ አይቼ አላውቅም።

"አንተ፣ የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ንግድ ፈቃድ ካወጣ ከሥራ ይሰናበታል እኮ! ካላወጣህ ደግሞ ሦስተኛ ፎቅ ያሉት ይቀጡሃል። ጉድህ ፈላ።"

"አቤቱታ የሚባል ነገር አለ አይደል?"

"አለ። ግን ምን አስጨነቀህ፣ ዝጋውና ተገላገል። ምን ይቀርብሃል?"

ከሰዓት በኋላ ሠላሳ አንድ ቆጣሪ አነበብኩ፤ ሠላሳ አንዱንም ምን ይቀርብኛል እያልኩ። ግን አልዘጋሁትም።

ሰኔ 9፣ እሑድ

ብሎጌ ቆጣሪ አለው። ቆጣሪ የሌለው ነገር አይዋጥልኝም፤ ስንት ሰው እንደገባ የሚያሳይ ቁጥር ከገጹ ታች አስገጥሜያለሁ። ዓርብ 9,180፤ ዛሬ 9,203፤ ፍጆታ 23። ደግ ነው።

በእኛ ሥራ ፍጆታው ዜሮ ሲመጣ ነው ጣጣው። ምርመራ በሚለው ዓምድ ምክንያቱን መጻፍ ግዴታ ነው። ወይ "ቤት ዝግ"፣ ወይ "ቆጣሪ ብልሽት"። ሦስተኛም አለ፦ "ሕገ ወጥ መስመር"። ባለቤቱ ቆጣሪውን ሳይነካ በጎን ቧንቧ ቀብሮ ውሃውን ያስገባል። ቤቱ ይጠጣል፣ ይታጠባል፣ ቆጣሪው ወፍ የለም። በሃያ ሁለት ዓመት አራቴ ይዣለሁ።

ስሙን የማይጽፍ አንድ አንባቢ አለኝ። ምንም ብጽፍ ከታች አንድ ቃል ያስቀምጣል፦ "ከዚያስ?" ጡረታ የወጣ፣ ጊዜ የተረፈው ሽማግሌ ይመስለኛል። ይሄ ሰው ደስ ይለኛል። ያን ሰሞን በሯ በገመድ ስለታሰረ አንዲት ሴትዮ ጽፌ "ከዚያስ?" ቢለኝ፣ ተቀምጬ አንድ ሙሉ ገጽ መለስኩለት። ገመዱን ማን እንዳሰረው፣ ለምን እንደማትቆርጠው፣ ስትነግረኝ ሆዴ እንዴት እንደባባ። ለሰው እንዲህ አውርቼ አላውቅም።

ባለቤቴ ደወለች።

"ደህና ነህ?"

"ደህና።"

"ምን አዲስ ነገር አለ?"

"ምንም።"

ከኋላዋ ባልዲ ሲንኳኳ ይሰማል። "በቃ እሺ" ብላ ዘጋችው። የደብዳቤውን ነገር አላነሳሁባትም፤ በሽተኛ እያስታመመች ምን ያስጨንቃታል።

ሰኔ 12፣ ረቡዕ

ሦስተኛ ፎቅ ወጣሁ። ጠረጴዛው ላይ ያለችው ሴትዮ ሁለት መነጽር አላት፤ አንዱ ግንባሯ ላይ፣ አንዱ አፍንጫዋ ላይ። ባለመነጽሯ ብያታለሁ። ክፉ ሰው አይደለችም። ሥራዋን ታውቃለች፣ መከራው እሱ ነው።

"ስንት ደንበኛ አለዎት?"

"ደንበኛ የለኝም። አንባቢ ነው ያለኝ።"

ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዞረችው። በር በበር ተከፍቷል። "ቆጣሪዎ ዘጠኝ ሺህ ሁለት መቶ ይላል።"

"እሱ መግባት መውጣቱን ነው እንጂ ሰው አይቆጥርም። አንድ ሰው አሥሬ ቢከፍተው..."

"እርስዎ ቆጣሪ አንባቢ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ።"

"ባለፈው ወር ቧንቧዬ ፈንድቶ የፈሰሰውን ሁሉ እኮ አስከፍላችሁኛል። 'እኛ የምናውቀው ቆጣሪው ያለውን ነው' ነው ያላችሁኝ።"

ያልኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየበሩ የምለው እሱን ነው።

የአቤቱታ ቅጽ ሰጠችኝ። አሥራ ስምንት ቤት ቀርቶኝ ስለነበር ቆሜ ሞላሁት። የአመልካች ስም፣ የእኔ። የባለቤት ስም፣ የእሷን ጻፍኩ፣ ስልኳንም። መቼም የሰው ሚስት ስም ሳይጠይቁ አያድሩም። ፈርሜ ሮጥኩ።

ሰኔ 17፣ ሰኞ

ዝናብ። የቆጣሪ ጉድጓዶቹ ሞልተዋል፤ በቆርቆሮ እየጨለፍኩ ነው የማነበው። ሸሚዜ ላይ ጭቃ። አጣቢው እኔ ነኝ አሁን።

መዝገብ ስመልስ ሂሳብ ክፍል ሁለት ሴቶች ያወራሉ። "እሷ እኮ ጠቅልላ ነው የሄደችው አሉ።" "ታዲያ ከድንጋይ ጋር እስከ መቼ ትኑር?" ስገባ ዝም አሉ። ስለ ጥበቃው ሳይሆን አይቀርም፤ እሱም ሚስቱ ሰሞኑን ቤት የለችም።

ቆጣሪ 9,290። ስለ ጉድጓዶቹ ጻፍኩ። ሽማግሌው "ከዚያስ? ልብስ ቀየርክ?" አለኝ። ከአንድ ቃል በላይ ሲጽፍ የመጀመሪያው ነው።

ሰኔ 21፣ ዓርብ

ባለቤቴ ደወለች። ድምጿ ያ የሥራው ነው። ሆስፒታል የስልክ ማዞሪያ ላይ ነው የምትሠራው፤ ለማያውቁት ሰው የሚሰጥ ጨዋ ድምፅ አላት።

"ከማዘጋጃ ቤት ተደወለልኝ። የንግድ ድርጅት ባለቤት ነሽ፣ ሐምሌ ስምንት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ቅረቢ ተባልኩ። ምንድን ነው የሆንኩት?"

ወዲያው ነው የገባኝ። ቅጹ ባለቤት የሚለው የብሎጉን ባለቤት ነው! እኔ ሚስት መስሎኝ እሷን ጽፌ፣ ዓይኔ እያየ የንግድ ድርጅት አሸክሜያታለሁ። አይ እኔ! የሰውን መዝገብ አንዲት ቁጥር ሳላዛንፍ ሞልቼ የራሴን እንዲህ ላበላሽ?

"የቅጽ ስህተት ነው" አልኳት።

"የምን ቅጽ?"

"ስለ ብሎጉ። ደብዳቤ መጥቶ ነበር።"

"መቼ?"

"ሰኔ ሦስት።"

"እሑድ ዕለት ምን አዲስ ነገር አለ ስልህ፣ ምንም አልከኝ። ባለፈው እሑድም ምንም አልከኝ።"

"እንዳላስጨንቅሽ ብዬ እኮ ነው።"

"እሺ" አለች። ያው እሺ ናት። ስልኩን ከዘጋችው በኋላ ልናገረው የሚገባኝ መዓት ነገር መጣልኝ። ሥራዬ ሊሄድ እንደሚችል፣ ሦስት ሳምንት ልቤ እንዳላረፈ፣ ሸሚዝ እንዴት እንደሚነጣ እንደጠፋኝ። መልሼ ልደውል ቀፎውን አነሳሁና ምን ብዬ እንደምጀምር ጨነቀኝ። ብሎጉ ላይ ቢሆን አይጠፋኝም ነበር።

ሰኔ 24፣ ሰኞ

ላስተካክል ወጣሁ። ባለመነጽሯ ቅጹን አወጣች።

"ስርዝ ድልዝ አይቻልም። ባለቤቷ እሷ ተብሎ ተመዝግቧል። ስህተት ነው የሚሉ ከሆነ እርስዎ እዚህ ጋ ይፈርሙ። እሷም ቀርባ 'ባለቤት አይደለሁም' ብላ ትፈርማለች፣ ያልቃል።"

"ምን ብላ?"

"ባለቤት አይደለሁም ብላ። ቅጽ አለው።"

ቅጹን አሳየችኝ። በትልቁ ነው የተጻፈው። የእኔ ስህተት መሆኑን ፈረምኩ። ደረጃው ላይ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው "አሞህ ነው?" ቢለኝ ጫማዬን እያሰርኩ ነው አልኩት፤ ጫማዬ ማሰሪያ የለውም። ፈራሁ። እዚህ ደብተር ላይ ልዋሽ አልችልም፣ ብትፈርምስ ብዬ ነው የፈራሁት።

ሐምሌ 2፣ ማክሰኞ

ቆጣሪ 9,341። ሰኔ 30 ቀን 9,338 ነበር። ፍጆታ 3።

ሽማግሌው አንባቢዬ የታመመ መሰለኝ። "ከዚያስ?" ካለኝ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። ትናንት ደህና ነዎት ወይ ብዬ ጻፍኩለት። መልስ የለም። ይሄ ሰው ሞቶ ቢሆንስ? ማንም አይነግረኝም።

ባለቤቴም አልደወለችም። ሥራ በዝቶባት ይሆናል።

ጎርፉ አንድ ደህና ነገር ተናገረ፦ "ቆጣሪው ዘጠኝ ሺህ ካለ፣ ዘጠኝ ሺህ ሰው አለመሆኑን በማስረጃ አሳያት። ቧንቧ ያፈሰሰበት ሰው ይሄንኑ አይደል የሚያደርገው?"

ሐምሌ 5፣ ዓርብ

ከሥራ ስወጣ መንገድ ዳር ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ገባሁ። ጉዳዩን ስነግረው ሳቀ፣ ከዚያ የገጹን ጓዳ ከፍቶ ዝርዝሩን አወጣ።

"ጋሼ፣ አንባቢዎ ሦስት ዓይነት ነው" አለኝ። "ሁለት ሺህ ስምንት መቶው እርስዎ ነዎት።"

"እኔ?"

"ቆጣሪው ስንት እንደደረሰ ለማየት በከፈቱ ቁጥር እርስዎንም ቆጥሮዎታል። ከዛሬ ወዲያ እንዳይቆጥርዎት አድርጌዋለሁ።"

እፍረቴ! ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቆጣሪ የሚያዞር ስይዝ ከርሜ።

"አራት መቶ የማይሞላው አላፊ አግዳሚ ነው። የቀረው፣ ከስድስት ሺህ በላይ፣ አንድ ስልክ ነው። አንድ ሰው። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በቀን ስምንቴ ዘጠኜ ይከፍታል።"

"ሽማግሌው" አልኩ።

"እንጃ። ቀን ቀን ከሆስፒታሉ አካባቢ ነው የሚከፍተው። ማታ ማታ ከእርስዎ ሰፈር ነበር፤ ከግንቦት መጨረሻ ወዲህ ግን ከዚያ ከወንዙ ማዶ ሆኗል። ሰኔ ሃያ አንድ ላይ አቁሟል።" የስልኩንም ዓይነት ነገረኝ።

ያን ስልክ የገዛሁት እኔ ነኝ። ጀርባው ላይ ጭረት አለው፤ ወጥ ቤት ወድቆባት ነው።

ገንዘቡን ከፍዬ፣ ዝርዝሩን በወረቀት ይዤ ወጣሁ። ዝናቡ አቁሞ ነበር፣ እኔ ግን ጃንጥላዬን እንደዘረጋሁ ነው ቤት የደረስኩት።

ሐምሌ 7፣ እሑድ

ከወንዙ ማዶ ሄድኩ። የእህቷ በር ሰማያዊ ነው፤ ደወሉ አይሠራም፣ ይንኳኳል። ሺህ በር አንኳኩቼ ይሄኛው ላይ እጄ አልነሳ አለኝ።

እህቷ ከፈተች። በአንድ እጇ ውሃ የሞላ ባልዲ ይዛለች፤ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ ቆማለች።

"ወንድም ጋሼ! ምነው በደህና?"

"እግርሽ እንዴት ሆነ?"

"ድኛለሁ እኮ፣ ወር ሊሆነኝ ነው። አልነገረችህም?" ከንፈሯን ነከሰች። "ገበያ ወጥታለች፣ ትመጣለች። ግባ እንጂ፣ ምን ያቆምሃል?"

ግባ ስትለኝ የትልቁን ሻንጣ ጠርዝ ከበስተኋላዋ አየሁት። ምን እንደምል ጠፋኝና "አይ፣ ቆጣሪያችሁን ላነብ ነው" አልኳት። በእሑድ! ያውም ክልሌ ያልሆነ! ተንበርክኬ ክዳኑን ከፈትኩ፣ በመሐረቤ ጠረግኩት፣ አነበብኩ። 0417። እሷ ባልዲዋን እንደያዘች ቆማ ታየኛለች። አንጀቷን ሳልበላው አልቀረሁም። አመስግኜ ሄድኩ።

የዚያን ሁሉ ዓመት ጥያቄ እያሰብኩ ነው የተመለስኩት። በሩን እንደከፈትኩ ባለቤቴ ከወጥ ቤት "እሺ፣ ከዚያስ?" ትላለች። "ከዚያማ ምን አለ፣ መጣሁ" እላለሁ። ከዚያ ሳሎን ተቀምጬ ሁሉንም ለማላውቀው ሰው እጽፋለሁ።

ሐምሌ 8፣ ሰኞ

ሁሉንም በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መጣች። የሥራ ልብሷን ለብሳለች፤ ከስታለች። "ደህና አደርክ" አለችኝ፣ በዚያው በስልኩ ድምፅ። ከኋላችን ሰባት ስምንት ሰው ተሰልፏል።

ባለመነጽሯ መዝገቡን ከፈተች። "ባለቤት ነዎት ወይስ አይደሉም? አይደለሁም ካሉ እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ባለቤቴ ቅጹን አነበበች። ቃሉን ስታየው ቆም አለች። እስክሪብቶውን አነሳች። "እሱ ምን አለ?"

"ስህተት ነው ብሎ ፈርሟል።"

ቀና ብላ አየችኝ። ተቆጥታ አይደለም። የምትጠብቀውን እንዳገኘች ሁሉ አንገቷን ነቀነቀችና እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈችው።

"ቆይ!" አልኩ። ጮክ ብዬ ነው መሰለኝ፣ ሰልፉ በሙሉ ዞረ። "ቃሉን ነው የተሳሳትኩት። ስሙን አልተሳሳትኩም።"

"ከዚያስ?" አለች፣ እስክሪብቶውን ሳታነሳ።

ተናገርኩ። አፌ ተሳስሮ፣ ተደነቃቅፌ፣ ግን ተናገርኩ። ደብዳቤውን እንዳየሁ ሥራዬ የሚሄድ መስሎኝ እንደደነገጥኩ። ሸሚዜን ከቀይ ካልሲ ጋር አጥቤ ሮዝ እንዳደረግኩት። ቤቱ ጸጥ ሲል ያረፍኩ መስሎኝ እንቅልፍ እንዳጣሁ። ጡረታ የወጣ ሽማግሌ ነው እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ልቤን የከፈትኩለት ሰው ማን እንደሆነ ዓርብ እንዳወቅሁ። ታመመ ብዬ፣ ሞተ ብዬ እንደተጨነቅሁ። አሥራ አምስት ደቂቃ ሳላወራ አልቀረሁም። ሰልፉ ውስጥ አንዱ "እኛም ጉዳይ አለን እኮ" ቢል አንዲት እናት "ዝም በል፣ ይጨርስ!" አለችው።

ባለቤቴ አፍንጫዋን ጠረገች። "አንተ ሳሎን ትጽፋለህ፣ እኔ መኝታ ቤት ሆኜ አነባለሁ። ሁለት ዓመት! ምን ነበረበት እዚያው ብትነግረኝ?"

"አንቺ መሆንሽን ባውቅ ኖሮ አልጽፈውም ነበር። አፍር ነበር።"

"እሱን ነው እኮ የምልህ!"

እስክሪብቶውን አስቀመጠች። "ባለቤት ነኝ" አለቻት ለባለመነጽሯ። "ይጻፍልኝ።"

ባለመነጽሯ የላይኛውን መነጽር አውርዳ የታችኛውን ሰቀለች። የጠጋኙን ዝርዝር ተቀበለችኝና በጣቷ እየተከተለች አነበበች። "ስድስት ሺው ባለቤቷ ራሷ ናት። ባለቤቷ የእኛ ሠራተኛ አይደለችም። ሁለት ሺህ ስምንት መቶው ባሏ ነው። የቀረው መንገደኛ ነው።" ትንሽ አሰበች። "የእናንተ ክፍል ይሄን ምን ይለዋል? ንግድ ነው የሚለው?"

"የለም" አልኩ። "የመኖሪያ ታሪፍ ነው። የቤት ፍጆታ።"

"እሱን እጽፋለሁ" አለች። ጻፈችም፦ ለቤት ፍጆታ ስለሆነ ፈቃድ አያስፈልገውም። ማኅተሙን ስትመታው ያቺ እናት አጨበጨበች።

ደረጃው ላይ ባለቤቴ ቆመች። "እህቴ ከዳነች ቆይታለች።"

"አውቃለሁ።"

"ማን ነገረህ?"

"ቆጣሪ ላነብ ሄጄ።"

"ክልልህ አይደለም እኮ" አለችና ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ። "እመጣለሁ አላልኩም። እሑድ ልይህ፣ ከዚያ እናያለን።" ወደ ሥራዋ ሄደች።

ሐምሌ 14፣ እሑድ

መጣች። ሻንጣውን አላመጣችም፤ ሮዟን ሸሚዝ አይታ ግን ሆዷን እስክትይዝ ሳቀች።

ወጥ ቤት በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ትናንት ስላገኘሁት አዲስ በር ነገርኳት፤ ሁለት ደወል አለው፣ አንዱ ለባል አንዱ ለሚስት፣ ተኳርፈው። "ከዚያስ?" አለችኝ። የትኛውን እንደደወልኩ ነገርኳት። ከዚያስ አለች፣ ነገርኳት። ከዚያስ አለች። ምድጃው ላይ የነበረው ሽንኩርት አረረብን። ማታ ስትሄድ እስከ ወንዙ ሸኘኋት፤ ማክሰኞ ልብሷን በከፊል እንድትመልስበት ትንሹን ሻንጣ ይዤላት መምጣት እችል እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ዚፑ ደህና ነው አለች።

ስለ ሁለቱ ደወሎች ብሎጉ ላይ አልጻፍኩም። ቆጣሪውን ግን አነበብኩ።

ያለፈ ንባብ 9,352። የአሁን ንባብ 9,352። ፍጆታ ዜሮ።

ምርመራ የሚለው ዓምድ ባዶ መተው አይቻልም። ቤቱ ዝግ አልነበረም። ቆጣሪውም አልተበላሸም። "ሕገ ወጥ መስመር" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩበት።